የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት በአሜሪካ፦ ስንት ይወጣል፣ መቼ ይመለሳል?

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአሽበርን በኩል ያለፈ ሰው መስኮት የሌላቸውን ግዙፍ ሕንፃዎች ሳያይ አይቀርም። ዳታ ሴንተሮች ናቸው። በዓለም ላይ የዚያን ያህል ተጠጋግተው የተሠሩበት ቦታ የለም። ውስጣቸው ሽቦ በሽቦ ነው። ያንን ሁሉ የሚዘረጋ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የኛ ሰው አንድ ምክር ተደጋግሞ ይደርሰዋል። ኡበር ለሚነዳው፣ ፓርኪንግ ለሚሠራው፣ በዲቪ ገና ለመጣው፣ ለሁሉም ያው ነው፦ "ለምን ኤሌክትሪክ አትማርም?"

ምክሩ ጥሩ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከምክሩ በኋላ ነው። ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው ለማስታወቂያ የከፈለውን የግል ትምህርት ቤት ነው። "ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አዲስ ሙያ" ይላል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ10,000 እስከ 20,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ከዚያ ቤተሰብ ተሰብስቦ "ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" ይባላል።

እኔ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ይህ ትምህርት ቤት ወደ ፈቃድ ከሚወስደው መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ይቀንስልኛል? መልሱ ካልታወቀ ስለ ክፍያው መጨቃጨቅ ትርጉም የለውም።

ፈቃድ የሚገኘው በሰዓት ነው

አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪሺያንን ደመወዝ ከፍ የሚያደርገው ትምህርት ቤት የሰጠው ሰርተፍኬት አይደለም። ስቴቱ ወይም ከተማው የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ሰዉ "ላይሰንስ" የሚለው። ጀማሪው አፕረንቲስ ይባላል። ፈቃድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ፣ እየተከፈለው፣ እየሠራ ይማራል። ቀጥሎ ጆርኒማን አለ፤ ሙያውን የጨረሰ፣ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። ከላይ ማስተር ይመጣል። በራሱ ድርጅት ሥራ መያዝ የሚፈልግ ሰው ብዙ ቦታ ላይ ወይ ራሱ ማስተር መሆን ወይ ማስተር መቅጠር አለበት።

ከአፕረንቲስ ወደ ጆርኒማን የሚያሻግረው በዋናነት የሥራ ሰዓት ነው። ቴክሳስ 8,000 ሰዓት ይጠይቃል። ኮሎራዶና ሚኒሶታም እንዲሁ። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ 4 ዓመት ያህል ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ የ4 ዓመት የሥራ ልምድና 240 ሰዓት የክፍል ትምህርት ትላለች። ዋሽንግተን ስቴት የባሰ ጠበቅ ብላለች። ከጁላይ 2023 ወዲህ ለጠቅላላ ኤሌክትሪሺያን ፈቃድ ለመፈተን በመሠረቱ በመንግሥት የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ መጨረስ ያስፈልጋል። ሲያትል ያለ ሰው ይህን ሳያውቅ የትም ገንዘብ ባይከፍል ይሻለዋል። ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይና ፔንስልቬንያ ደግሞ በስቴት ደረጃ የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ የላቸውም፤ ጉዳዩ የየከተማው ነው።

እንግዲህ "ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ" የሚለውን ማስታወቂያ በዚህ አንብቡት። በአንድ ዓመት ትምህርቱ ያልቃል። ፈቃዱ ግን ገና ነው። የተመረቀው ሰው ሥራ ሲገባ ብዙ ጊዜ ያው አፕረንቲስ ወይም ረዳት ሆኖ ነው። ትምህርት ቤቱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ግማሹን ነው የነገራችሁ።

62,350 ዶላር የማነው?

ብሮሹሩ ላይ አንድ የደመወዝ ቁጥር አለ። ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ነው። በቢሮው መረጃ በሜይ 2024 የኤሌክትሪሺያኖች መካከለኛ ገቢ በዓመት 62,350 ዶላር ነበር። በዚያው ጊዜ የሁሉም ሥራዎች መካከለኛ ገቢ 49,500 ነበር። ልዩነቱ ደስ ይላል። ቁጥሩም እውነት ነው።

ግን ያ ቁጥር የ20 ዓመት ባለሙያውንም፣ ፎርማኑንም፣ ትናንት የገባውንም አንድ ላይ ሰልፍ አስይዞ መሐል ላይ የቆመውን ሰው ነው የሚያሳየው። አዲስ ተመራቂ ከሰልፉ ጫፍ ነው የሚቆመው። በዚያው መረጃ ዝቅተኛ ተከፋይ የሆኑት 10 ከመቶ ከ39,430 ዶላር በታች ያገኙ ነበር። ከፍተኛዎቹ 10 ከመቶ ደግሞ ከ106,030 በላይ። የመጀመሪያውን ዓመት በጀት የሚሠራ ሰው ዓይኑን 39,430 ላይ ቢያደርግ ይሻላል። 62,350 ለኋላ ነው። ቦታም ይለያል፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሪገንና ኢሊኖይ ከፍ ያለ ከሚከፍሉት ውስጥ ናቸው። የደቡብ ስቴቶች በአብዛኛው ዝቅ ይላሉ፤ ኑሮውም እንደዚያው።

እስቲ እናስላው

ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የመረጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የአካባቢያችሁን አስገቡበት።

አንድ ሰው አሁን ባለበት ሥራ በዓመት 52,000 ዶላር ያገኛል እንበል። በአካባቢው ጆርኒማን በሰዓት 40 ዶላር ይከፈላል። የአፕረንቲስ ደመወዝ የሚሰላው ከጆርኒማኑ ደመወዝ በመቶኛ ነው፤ በየደረጃው ያድጋል። የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ ደመወዝን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ግዴታው ነው። ይህ ሰው የ5 ዓመት አፕረንቲስሺፕ ገብቶ በ45 ከመቶ ይጀምራል፤ በሰዓት 18 ዶላር። በሁለተኛው ዓመት 20፣ ከዚያ 24፣ 28፣ 32 ይሆንለታል። ዓመቱን 2,000 ሰዓት እንቁጠረው።

የመጀመሪያው ዓመት ገቢው 36,000 ነው። ከድሮ ሥራው 16,000 ይጎድላል። በሁለተኛው ዓመት 40,000፤ 12,000 ይጎድላል። በሦስተኛው 48,000፤ 4,000 ይጎድላል። ሦስቱ ሲደመሩ ጉድለቱ 32,000 ዶላር ነው። ጉድጓዱ በጣም የሚጠልቀው እዚህ ጋ ነው። በአራተኛው ዓመት 56,000 አግኝቶ መውጣት ይጀምራል። በአምስተኛው 64,000። አምስተኛው ዓመት ሲያልቅ ገና 16,000 ከስሯል። በስድስተኛው ዓመት ጆርኒማን ሆኖ 80,000 ያገኛል፤ በዓመቱ አጋማሽ አካባቢ ሒሳቡ ዜሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 28,000 ትርፍ ነው።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ለትምህርት ቤት አንድ ዶላር አልከፈልንም። ትልቁ ወጪ በደረሰኝ የሚከፈለው አይደለም፤ በመሐል የሚቀረው ደመወዝ ነው።

አሁን ከዚህ በፊት የ10 ወር የግል ትምህርት ቤት እንጨምርበት፤ ክፍያው 15,000። በቀን ተምሮ ሥራውን ቢያቆም የ10 ወር ደመወዙ፣ 43,000 ዶላር ገደማ፣ ይቀርበታል። ሁለቱ ከ32,000 ጋር ሲደመሩ ጉድጓዱ ወደ 90,000 ይጠጋል። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በማታ ተምሮ ሥራውን ካላቆመ ግን 47,000 ላይ ይቆማል። 15,000ውን በ6.5 ከመቶ ወለድ ተበድሮ በ10 ዓመት ቢከፍል በወር 170 ዶላር ነው፤ በድምሩ 20,400 ገደማ ይሆናል። ወለድ ለማይነካ ሰው ይህ መንገድ ከመጀመሪያውም ዝግ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ የሚገለበጥበት ሁኔታ አለ። ያ ትምህርት ቤት ከአፕረንቲስነቱ አንድ ሙሉ ዓመት ቢያስቀንስለትስ? ማለትም አሠሪው ወይም ፕሮግራሙ ትምህርቱን ቆጥሮ ከሁለተኛ ዓመት ቢያስጀምረው፣ ስቴቱም ሰዓቱን ቢቀበለው? ያኔ 36,000 የሚያገኝበት አንድ ዓመት ወጥቶ በምትኩ 80,000 የሚያገኝበት አንድ ዓመት ይገባል። ልዩነቱ 44,000 ዶላር ነው። 15,000 ከፍሎ 44,000 ማግኘት በእርግጥ ያዋጣል።

ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ክፍያ ነው። አንዱን ያከስራል፤ ለሌላው ያተርፋል። ልዩነቱ ያለው በምትኖሩበት ስቴት ሕግና በአሠሪው ፈቃደኝነት ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን "ሰዓት ይቆጠርልኛል?" ብላችሁ በቃል አትጠይቁ። "አዎ" ማለት ለሻጭ አይከብድም። የስቴቱን የፈቃድ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ 240 ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ስለሚሸፍንላችሁ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ግን ያንኑ 240 ሰዓት በማታ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በጣም ባነሰ ዋጋ ማግኘትም ይቻላል።

ሳይከፍሉ የሚገባበት በር

የኛ ሰው ብዙም የማያንኳኳው በር ይኼ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አፕረንቲስሺፕ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። በዓመት ቢያንስ 144 ሰዓት ያህል የክፍል ትምህርት እንዲኖረው ይመከራል። በሳምንት ሁለት ማታ፣ ወይም በየተወሰነ ጊዜ ሙሉ ሳምንት ይሰጣል።

ዋናው መንገድ በዩኒየን በኩል ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዩኒየን በ1891 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ምኅጻሩ አይቢኢደብሊው ነው። በየአካባቢው ቁጥር ያለው ቅርንጫፍ አለው፤ "ሎካል" ይሉታል። ለዲሲ አካባቢ ሎካል 26፣ ለሲያትል ሎካል 46፣ ለሚኒያፖሊስ ሎካል 292። ሥልጠናው ከአሠሪዎች ማኅበር ጋር በጋራ የሚካሄድ ሲሆን ለሕንፃ ሥራ ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት ይፈጃል። ተማሪው የሚከፍለው በአብዛኛው ለመጽሐፍና ለአንዳንድ ክፍያዎች ነው። ከደመወዙ በላይ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ አለ። ይህን ከላይ ባለው ስሌት አላስገባሁትም። ለቤተሰብ ኢንሹራንስ ከኪሱ የሚከፍል የኡበር ሹፌር ካስገባው የ16,000 ጉድለቱ ምን ያህል እንደሚጠብ ራሱ ያየዋል።

መስፈርቱ የሚያስፈራ አይደለም። 18 ዓመት መሙላት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፣ የአንድ ዓመት አልጀብራ። ከዚያ የሒሳብና የንባብ ፈተና አለ። ከዚያ ቃለ መጠይቅ። አገር ቤት 12ኛን የጨረሰ ሰው ማስረጃውን አስተርጉሞና አስገምግሞ ማቅረብ ይችላል። አልጀብራው ለብዙው የኛ ተማሪ ችግር አይሆንም፤ ትንሽ ማስታወስ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው በሰዓት ተይዞ በእንግሊዝኛ ማንበቡ ነው፤ ልምምዱ መብዛት ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ጉዳቱም ይነገር። ፈተና ያለፈ ሁሉ አይገባም። በቃለ መጠይቅ ውጤት ተራ ይወጣላችሁና ብዙ ጊዜ እስከ 2 ዓመት ዝርዝሩ ላይ ትቆያላችሁ። ተራው ላይደርስም ይችላል። የግል ትምህርት ቤት ይህ የለበትም፤ ከፍለህ ሰኞ ትጀምራለህ። የምትከፍለውም አንዱ ለዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ብዙ ቦታ የሥልጠናውን ወጪ በሚመለከት ውል ያስፈርማሉ፤ ሥልጠናውን ወስዶ ዩኒየን ወዳልሆነ ድርጅት የሄደ ሰው ወጪውን ሊጠየቅ ይችላል። ሳያነቡ አለመፈረም ነው።

ዩኒየን የማይፈልግ ወይም ያልደረሰው ሰው በአሠሪዎች ማኅበራት በኩል የሚሰጥ፣ ብዙ ጊዜ 4 ዓመት የሚፈጅ አፕረንቲስሺፕ አለው። እዚያ የክፍል ክፍያውን አንዳንዱ አሠሪ ይሸፍናል፤ አንዳንዱ አይሸፍንም። የሚመለከተው የፌዴራል ድረ ገጽ አፕረንቲስሺፕ ዶት ጋቭ ነው፤ በዚፕ ኮድ ይፈለግበታል። ከዚህም የቀለለ አለ፦ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮንትራክተር ዘንድ ሄዶ ረዳት ሆኖ መቀጠር። ግን አሠሪው ሰዓታችሁን በስቴቱ ደንብ መሠረት እየመዘገበ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አረጋግጡ። ቴክሳስን የመሰሉ ስቴቶች አፕረንቲሱ ራሱ እንዲመዘገብ ይፈልጋሉ። ሳይመዘገብ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ሦስት ዓመት የሽቦ ሸክም ተሸክሟል እንጂ ወደ ፈቃድ አልተጠጋም።

የመንግሥት ገንዘብ

ክፍል ውስጥ ገብቶ መማር የመረጠ ሰው መጀመሪያ ኮሚኒቲ ኮሌጅን ይይ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ክሬዲት ከ150 እስከ 200 ዶላር ገደማ ነው፤ 30 ክሬዲት ያለው ሰርተፍኬት ከ6,000 ብዙም አያልፍም። ነዋሪ ለመባል ግን በስቴቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ይጠበቅባችኋል። ቨርጂኒያ ፋስት ፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራምም አላት። አጫጭር የሙያ ኮርሶችን ለጨረሰ ሰው ክፍያው ወደ ሲሶ ይወርድለታል።

ከፌዴራል መንግሥት ደግሞ ፔል ግራንት አለ። ስጦታ ነው፤ አይመለስም። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ተሞልቶ በገቢ ይወሰናል። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ያገኛል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ግን አያገኝም፤ ሥራ ፈቃድ ቢኖረውም። ቀድሞ ከ15 ሳምንት ያነሱ አጫጭር ኮርሶች ከፔል ውጭ ነበሩ። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ፣ መስፈርት ለሚያሟሉ የሙያ ኮርሶችም ፔል እንዲሰጥ አድርጓል። በዚህ የተነሳ አዳዲስ አጫጭር ኮርሶች እንደ አሸን መፍላታቸው አይቀርም። ያው ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ሰዓት ይቆጠራል?

ለጉድጓዱ ዓመታት ደግሞ የኛው መፍትሔ አለ። ዕቁብ። ብዙ ሰው ዕቁብን ለመኪና ወይም ለቤት ቅድመ ክፍያ ያስባል። በመጀመሪያው ዓመት ቀድሞ የሚወጣ የ15,000 ዕጣ ግን ጉድለቱን ያለ ወለድ ሊሸፍን ይችላል። ዳኛውን ማስረዳት ነው። ክፍያውን በ36,000 ገቢ መቀጠል መቻሉን አስቀድሞ ማስላትም አይረሳ።

አገር ቤት ሠርቶ ለመጣ

ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ይዞ፣ አዲስ አበባ ስንት ሕንፃ ዘርግቶ የመጣ ሰው "ምኑን ነው የምማረው?" ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። የኤሌክትሪክ ሕጉ ያው ነው፤ ኦም እዚያም እዚህም ኦም ነው። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። እዚያ 220 ቮልት፣ በብሎኬትና በቤቶን ውስጥ። እዚህ 120 እና 240 ቮልት፣ ቤቱ እንጨት። ጥቁሩ ሽቦ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ወይም ባዶው መዳብ ግራውንድ ነው። ሁሉ ነገር የሚዳኘው በየሦስት ዓመቱ በሚታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ነው። የውጭ ልምድ የሚቆጠርበት ሁኔታ በየስቴቱ ይለያያል። ያለ ማስረጃ ደግሞ የትም አይቆጠርም፤ ከቀድሞ አሠሪ ሰዓትና የሥራ ዓይነት የተጻፈበት ደብዳቤ ከመምጣት በፊት ቢያዝ ጥሩ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ውድ የሆነው ጀማሪ ኮርስ ብክነት ይመስለኛል። የሚያስፈልገው የኮዱ ትምህርት ነው። የጆርኒማን ፈተና ብዙ ቦታ የኮድ መጽሐፉ ተከፍቶ ነው የሚሰጠው። የሚፈተነው መልሱን መሸምደድ ሳይሆን በፍጥነት ማግኘት ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ እፎይታ ነው፤ ማውጫውን የለመደ ሰው ይቀድማል።

በተቃራኒው የግል ትምህርት ቤት የሚስማማው ሰው ማን ነው? ፒንሳና ካቻቢቴ ነክቶ የማያውቅ፣ ያለ ትንሽ መሠረት ማንም የማይቀጥረው፣ በአካባቢው ኮሚኒቲ ኮሌጁ ትምህርቱን የማይሰጥ፣ በማታ መማር የሚችል፣ ስቴቱም ሰዓቱን የሚቆጥርለት። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ ይክፈል። አንዱ ብቻ ከሆነ አይቸኩል።

ብሮሹሩ ላይ የሌሉ ጥቃቅን ወጪዎችም አሉ። የራስ መሣሪያና የደኅንነት ጫማ ብዙ መቶ ዶላር ይፈጃል። ሥራው ዛሬ አሽበርን፣ በሚቀጥለው ወር ባልቲሞር ሊሆን ይችላል፤ ቀን የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ነው። መኪና የግድ ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ሥራ ሊቆም ይችላል፤ 2,000 ሰዓት ያልኩት ዓመት 1,600 ከሆነ የ4 ዓመቱ መንገድ 5 ይሆናል። 45 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ስለ ጉልበቱ ያስብ፤ የመሰላልና የመንበርከክ ሥራ ነው። ሒሳቡ በስድስተኛው ዓመት ዜሮ የሚገባ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እሠራለሁ የሚለው መልሱን ይለውጠዋል። ለ25 ዓመት ወጣት 32,000 ትንሽ ገንዘብ ነው። ለ52 ዓመት አባወራ ግን ያው 32,000 ሌላ ነገር ነው።

አሁን ለሚያመነታ ሰው የምለው ይህ ነው። ለመመዝገብ ከመክፈላችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን የዩኒየን ሥልጠና ማዕከል ማመልከቻ የሚቀበልበትን ጊዜ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ አንዳንዱ በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ይከፍታል። አመልክቱ። በተጓዳኝ ሁለት ሦስት ኮንትራክተር ዘንድ ደውሉና "ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው በስንት ታስገባላችሁ? ያልተመረቀውንስ?" በሉ። ሁለቱ ቁጥሮች በሰዓት የ1 ዶላር ልዩነት ብቻ ካላቸው በዓመት 2,000 ዶላር ነው፤ 15,000ውን ለመመለስ ከ7 ዓመት በላይ ይፈጃል። 4 ዶላር ከሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመለሰ። መንግሥት በከፈተው ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይም ትምህርት ቤቱን በስሙ ፈልጉት፤ ብዙዎቹ ላይ የተመራቂዎቹ ገቢና ዕዳ ተጽፏል። ተራችሁን እየጠበቃችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አንድ የአልጀብራ ኮርስ በማታ ውሰዱ። ማመልከቻው ላይም ይጠየቃል፣ ፈተናው ላይም ይመጣል።